ስለ ሜሞሪ ማነስና ያለ አግባብ ስለሚገደሉ ፕሮግራሞች

ባለፈው ዓመት በደባርቅ አንድ ሌሊት፥ ለመመረቂያ ጽሑፌ የሰበሰብሁትን የመጠይቅ መልስ በብራውዘር ላይ በተከፈተ ቅጽ ውስጥ ስሞላ ብራውዘሩ ከነመስኮቶቹ ሁሉ ከፊቴ ጠፋ። መብራት አልጠፋም፤ ማሽኑም አስቀድሞ አልዘገየም። በማግሥቱ የማሽኑን መዝገብ ገልጬ ብመለከት ነገሩን እንደ አደጋ ሳይሆን እንደ ፍርድ ተጽፎ አገኘሁት፤ ሜሞሪ ስላነሰ ፕሮግራሙ ተገደለ ይላል። ማሽኑ ከሌላ ሰው እጅ የተገዛ አሮጌ ነው፤ ሜሞሪውም 4 ጊጋባይት ብቻ ስለ ሆነ ትንሽነቱን አልክድም። ነገር ግን ያን ጊዜ በእውነት አንሶ ነበርን? ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣኝ ይህ ጥያቄ ነው።

ጉዳዩ የአንድ ተማሪ ብቻ አይደለም። ከደባርቅ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በዳባት፥ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1996 የሕዝብና የጤና ክትትል ጣቢያ አቋቁሞ የየቤቱን ልደት፥ ሞትና የሰው መግባትና መውጣት መመዝገብ ጀመረ። እንዲህ ያለው መረጃ በወረቀት ቢጀመርም መጨረሻው ኮምፒዩተር ውስጥ ነው፤ በሥራ መካከል የተገደለ ፕሮግራም ደግሞ ምን ያህሉን ይዞ እንደ ሄደ ሁልጊዜ አይታወቅም። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ሁለት ዕቃ ቤቶችን ማሰብ ይበቃል። ሜሞሪ ፈጣንና ጠባብ ነው፤ ዲስክ ሰፊና ዘገምተኛ ነው። በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም የሚያስፈልገው ነገር በሜሞሪ ውስጥ መገኘት አለበት። ለየፕሮግራሙ ድርሻውን የሚያድለው፥ ሲጨርስም መልሶ የሚረከበው ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚባለው አስተዳዳሪ ነው። ጠባቡ ዕቃ ቤት ሲሞላ ምን ይደረግ የሚለው ጥያቄ እንግዲህ ከአስተዳዳሪው ጋር አብሮ የተወለደ ነው።

የመጀመሪያው መልስ የመጣው ከእንግሊዝ አገር ነው። በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ቶም ኪልበርንና ባልደረቦቻቸው ከፌራንቲ ኩባንያ ጋር የሠሩት አትላስ የተባለው ኮምፒዩተር በ1962 መጨረሻ ተመረቀ። የአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ከሌሎች ኮሌጆች ጋር ተጣምሮ ዩኒቨርሲቲ ከተባለ ያን ጊዜ ገና አንድ ዓመቱ ነበር። የአትላስ ፈጣን ሜሞሪ 16 ሺህ ያህል ቃላት ብቻ ይይዝ ነበር፤ በአጠገቡ ግን 96 ሺህ ያህል ቃላት የሚይዝ የሚሽከረከር ከበሮ ነበረው። ሊቃውንቱ ሜሞሪውን 512 ቃላት በሚይዙ ገጾች ከፋፈሉት፤ አሁን የማይፈለገው ገጽ ወደ ከበሮው ይወርዳል፥ ሲፈለግ ይመለሳል። ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ይህን መውጣትና መውረድ ሳያውቅ ሁለቱን ዕቃ ቤቶች እንደ አንድ ሰፊ ቤት ይቆጥራቸው ነበር። ዛሬ በየማሽኑ ስዋፕ የምንለው የዲስክ ክፍል የዚያ ከበሮ ልጅ ነው።

ይሁን እንጂ ብዙ ፕሮግራሞች በአንድነት መሥራት ሲጀምሩ አዲስ ችግር ታየ። ሁሉም ገጻቸውን ይጠይቃሉ፤ የአንዱ ሲመጣ የሌላው ይወርዳል፤ ማሽኑ ሌሊትና ቀን ገጽ ሲያመላልስ ሥራው አይራመድም። እንግሊዞች ይህን ጥራሺንግ ይሉታል። ቃሉ ከውቂያ ጋር ዘመዳም ነው፤ በእርግጥም በሬዎቹ በአውድማው ላይ ሲዞሩ ውለው ፍሬ ያልወጣበትን ውቂያ ይመስላል። በ1968 ፒተር ዴኒንግ የተባሉት አሜሪካዊ ምሁር ባሳተሟቸው ጽሑፎች የነገሩን ምክንያትና መድኀኒት አስረዱ። አንድ ፕሮግራም በቅርቡ የነካቸው ገጾች ሥራውን ለመቀጠል የሚያስፈልጉት ናቸው፤ እነዚህ በአንድነት የማይገቡለት ከሆነ ፕሮግራሙ ባይጀምር ይሻላል አሉ። እዚህ ላይ አንባቢው አንድ ነገር እንዲያስተውልልኝ እለምናለሁ። የዴኒንግ መድኀኒት ተረኛውን ያቆያል እንጂ አይገድልም። የቆየው ቦታ ሲገኝ ካቆመበት ይቀጥላል።

ታዲያ መግደል ከወዴት መጣ? ከአንድ ቃል ኪዳን ነው። ዩኒክስ በሚባለው ሲስተም ውስጥ አንድ ፕሮግራም ሌላ ፕሮግራም ለማስነሣት ሲፈልግ በመጀመሪያ የራሱን ቅጂ ይፈጥራል፤ ቅጂው ወዲያው ወደ ሌላው ፕሮግራም ይለወጣል። ለዚህ ለአፍታ ለሚኖር ቅጂ ሙሉ ቦታ መያዝ ብክነት ስለ ሆነ፥ ከዩኒክስ የተወለዱ ብዙ ሲስተሞች ቦታውን ሳይዙ ‹‹ይሰጥሃል›› ማለትን ለመዱ። ፕሮግራሞችም በበኩላቸው ከሚጠቀሙበት በላይ ይጠይቃሉ። ደጋሽ ጎረቤቱን ሁሉ የሚጠራው ሁሉም በአንድ ሰዓት እንደማይመጣ ዐውቆ ነው፤ ብዙውን ጊዜም አይሳሳትም። ዊንዶውስ ግን በዚህ ረገድ ጥንቁቅ ነው፤ ቃል ከመግባቱ በፊት ከሜሞሪና ከዲስክ የሚከፍልበት መኖሩን ቆጥሮ ከሌለ ‹‹የለም›› ይላል። ከዚህ የተነሣ ፕሮግራሙ እንቢታውን ሰምቶ ሥራውን ለማስቀመጥ ዕድል ያገኛል፤ እርግጥ እንቢታን በጥሞና የሚሰማ ፕሮግራም ጥቂት ነው።

ቃል የገባው ደጋሽ እንግዶቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ቢመጡበት አንዱን ማስወጣት ግድ ይሆንበታል። አይቢኤም ኩባንያ በኤ አይ ኤክስ ሲስተሙ ላይ ጥሩ ልማድ አስገብቶ ነበር፤ የስዋፕ ቦታው ሊያልቅ ሲቃረብ አስቀድሞ ለፕሮግራሞቹ ሁሉ የአደጋ ምልክት ይላካል፤ ምልክቱን ሰምቶ የሚታዘዝ ፕሮግራም ያለውን ይለቃል፥ ከመገደልም ይጠበቃል። ችግሩ ከጸና ግን ምልክቱን ለመስማት ካልተዘጋጁት መካከል በቅርብ የተነሡት ይገደላሉ። በእኔ አስተያየት ይህ ከመግደል በፊት መጠየቅ ያለበት ትሕትና ኋላ በተስፋፉት ሲስተሞች ዘንድ በቶሎ አለመወረሱ ያሳዝናል።

ሊኑክስን ሊኑስ ቶርቫልድስ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ በ1991 ጀመረው። ሊኑክስም በለጋስነት ቃል ከሚገቡት ወገን ነው። ሪክ ቫን ሪል የተባለው የኔዘርላንድ ተወላጅ ከ1998 ጀምሮ የጻፈው ገዳይ ክፍል በ2001 መጀመሪያ ከወጣው 2.4 ከተባለው ከርነል ጋር በሰፊው ተሠራጨ። የዓላማው ዝርዝር መልካም ነበረ፤ የተሠራው ሥራ በተቻለ መጠን እንዳይጠፋ፥ ብዙ ሜሞሪ እንዲለቀቅ፥ ያላጠፋ እንዳይነካ፥ ከአንድ የበለጠ እንዳይገደል ይላል። ስሌቱ የያዘውን የሜሞሪ መጠን መነሻ ነጥብ ያደርጋል፤ ብዙ ለሠራና ከተነሣ ለቆየ ይቀንስለታል፤ ዝቅተኛ ተራ በተሰጠው ላይ ነጥቡን በእጥፍ ያሳድጋል፤ የአስተዳዳሪው ለሆነ በአራት ያካፍልለታል። ከፍተኛ ነጥብ ያገኘው ይሞታል።

የስሜን ገበሬ ይህን ስሌት ያለ ኮምፒዩተር ያውቀዋል። ገብሱ ያልሰጠ ዓመት ሲመጣ አስቀድሞ የሚሸጠው ዶሮውንና በጉን ነው፤ የእርሻ በሬው የሚወጣው ሌላው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው፤ ምክንያቱም በሬው ከሄደ የሚመጣው ዓመትም አብሮ ይሄዳል። ልዩነቱ ገበሬው በሬው የትኛው እንደ ሆነ ማወቁ ነው። ከርነሉ የሚያየው መጠንን ብቻ ስለ ሆነ ብዙ የሚበላው ሁሉ ሰነፍ ይመስለዋል፤ በአንድ ማሽን ላይ ብዙ ሜሞሪ የሚይዘው ግን ብዙውን ጊዜ ማሽኑ የተገዛለት ዋናው ሥራ ራሱ ነው፤ ለምሳሌ የመረጃ ቋቱ።

በ2004 በከርነል ሠሪዎች መካከል የተነሣው ክርክር ይህን ግልጽ አደረገው። ስክሪን የሚቆልፈው ፕሮግራም በሜሞሪ ማነስ ምክንያት ሲገደል ቁልፉ ይከፈታል፤ ማንም አላፊ አግዳሚ በማሽኑ ይገባበታል። እንዲህ ያለው ፕሮግራም ይቅርታ የሚያገኝበት መንገድ ይበጅ የሚል ሐሳብ ሲቀርብ ኔዘርላንዳዊው የሒሳብ ሊቅ አንድሪስ ብራውወር በምሳሌ መለሱ። ነዳጅ ቀንሶ በመብረር የሚያተርፍ የአውሮፕላን ኩባንያ ነበረ አሉ፤ ነዳጁ ሊያልቅ ሲል መንገደኛ ይወረወራል፤ መሐንዲሶቹም ሽማግሌው ይወርወር ወይስ ወፍራሙ በሚለው ላይ ሲመራመሩ ይኖራሉ። የቀልዱ ፍሬ ነገር ነዳጁን ስለ መሙላት አንድም መሐንዲስ አለመጠየቁ ነው። ለፈለገ ሰው ይህ መንገድ ተከፍቶለታል፤ ሊኑክስ ካለው በላይ ቃል እንዳይገባ በአንድ ቁጥር ማዘዝ ከ2.6 ወዲህ ይቻላል። ነገር ግን ዛሬ ያሉት ፕሮግራሞች በለጋስነት ዘመን የተጻፉ ስለ ሆኑ በጥብቁ ሥርዓት ብዙዎቹ ገና ሜሞሪ ሳያልቅ ይቸገራሉ።

ስለዚህ ክርክሩ ማን ይገደል በሚለው ላይ ቀጠለ። በ2005 በወጣው ከርነል ለእያንዳንዱ ፕሮግራም ከ17 በታች ዜሮ እስከ 15 የሚደርስ ማስተካከያ ተሰጠ፤ ዝቅተኛው ቁጥር ጨርሶ አትግደለው ማለት ነው። በ2010 የጉግል ባልደረባ ዴቪድ ሪየንቲስ ስሌቱን እንደገና ጻፈው፤ የእድሜና የትጋት ቅናሽ ቀረ፤ ነጥቡ በዋናነት ፕሮግራሙ ከጠቅላላው ሜሞሪ የያዘው ድርሻ ሆነ፤ ማስተካከያውም ከ1000 በታች ዜሮ እስከ 1000 ተዘረጋ። ተራ ተጠቃሚ የራሱን ፕሮግራም ለመገደል ይበልጥ የቀረበ ማድረግ ይችላል፤ ለማትረፍ ግን የአስተዳዳሪ ሥልጣን ይጠየቃል። ብራውዘሮች ይህን ተጠቅመው የየገጹን ፕሮሰስ በፈቃዳቸው ለመሞት ቀዳሚ ያደርጋሉ፤ አንድ ገጽ ሞቶ ብራውዘሩ እንዲተርፍ ነው።

በመካከሉ ሌላ ጉድ ታወቀ፤ የተገደለው ሁልጊዜ አይሞትም። የሞት ምልክት የደረሰው ፕሮሰስ ሌላው የያዘውን ቁልፍ እየጠበቀ ከሆነ ሜሞሪውን ሳይለቅ ይቆማል፤ ቁልፉን የያዘው ደግሞ ሜሞሪ ይጠብቃል፤ ማሽኑ ሁሉ ይደርቃል። ለዚህ በ2016 ማይክል ሆትስኮ የተባለው የሱሴ ኩባንያ መሐንዲስ ከሟቹ ሬሳ ላይ ሜሞሪውን የሚሰበስብ ሠራተኛ ጨመረበት።

እስከዚህ ድረስ የተነገረው ሁሉ ስለ ትልልቅ ማሽኖች ነው። የስልክ ነገር ልዩ ነው፤ ብዙዎቻችን በእጃችን የያዝነው ደግሞ ይኸው ነው። በ2008 የወጣው የመጀመሪያው የአንድሮይድ ስልክ ሜሞሪ 192 ሜጋባይት ብቻ ስለ ነበረ፥ ሠሪዎቹ መግደልን እንደ ክፉ ዕጣ ሳይሆን እንደ ዕለት ሥራ አዩት። ፕሮግራሙ ከፊት ወደ ኋላ ሲሄድ የነበረበትን ሁኔታ እንዲያስቀምጥ ይጠየቃል፤ ከዚያ በኋላ ቢገደልና ሰውየው ቢመለስበት ካቆመበት የተነሣ ይመስላል። ባለ ስልኩ መገደሉን ላያውቅ ይችላል። የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ፕሮግራሞች ግን እንዲህ ያለ ውል የላቸውም፤ በአገልጋይ ማሽኖች ላይም የተገደለው አገልግሎት በሴኮንድ ውስጥ ይነሣል። ያላስቀመጠውን ይዞ የሚሞተው በተማሪ ጠረጴዛ ላይ ያለው ነው፤ ደንቦቹ የሚወጡት ግን በአብዛኛው ለሌሎቹ ታስበው ነው።

በኦገስት 2019 በከርነል ሠሪዎች የደብዳቤ መዝገብ ላይ የቀረበ አቤቱታ የእኛን ኑሮ የተመለከተ ይመስላል። በ4 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለ ስዋፕ ሆነህ ገጽ በገጽ ላይ ክፈት፤ ማሽኑ ገዳዩን ሳይጠራ ለብዙ ደቂቃዎች ይደርቃል ይላል። ነገሩ እውነት ነበር። ከርነሉ አንድ ገጽ እንኳ ማስለቀቅ እስከቻለ ድረስ ገና አላለቀም ይላል፤ ለሰው ግን ከብዙ ጊዜ በፊት አልቋል። በሌላ በኩል የሜሞሪ መሙላት ብቻውን ችግር አይደለም። ሊኑክስ ባዶ ሜሞሪ ሲያገኝ ከዲስክ ያነበበውን ፋይል ለወደፊት ይጠቅም እንደሆነ ብሎ ይይዝበታል፤ ሲያስፈልግ ወዲያው ይለቃል። ባዶ የሆነውንና ሊለቀቅ የሚችለውን ለይቶ የሚናገር ቁጥር ከርነሉ ማሳየት የጀመረው በ2014 ነው። ጎተራው ጎደለ ማለት ቤተ ሰቡ ተራበ ማለት አይደለም፤ መራቡን ማወቅ የሚፈልግ ሰው ወደ ማድቤቱ ገብቶ ማን ሳይበላ እንደሚጠብቅ ማየት አለበት።

ይህን ያደረገው በ2018 መጨረሻ በ4.20 ከርነል የገባው የጫና መለኪያ ነው፤ የሠራው በፌስቡክ ኩባንያ የነበረው ዮሐንስ ቫይነር ነው። መለኪያው ስንት ሜሞሪ ቀረ ብሎ አይጠይቅም፤ ፕሮግራሞች ከጊዜያቸው ከመቶ ስንቱን ሜሞሪ ሲጠብቁ አሳለፉ ብሎ ይጠይቃል። መልሱንም በ10፥ በ60ና በ300 ሴኮንድ አማካይ ያቀርባል፤ አንዳንዶቹ የጠበቁበትንና ሁሉም ቆመው የዋሉበትንም ይለያል። ዴኒንግ በ1968 ያዩትን ውቂያ እነሆ ከኀምሳ ዓመት በኋላ በቁጥር መለካት ተቻለ። በእኔ ግምት በዚህ ታሪክ ውስጥ ከገዳዮቹ ስሌቶች ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ማን ይገደል ከማለት ወደ ኋላ ተመልሶ መግደል ያስፈልጋልን የሚለውን ጥያቄ አስነሣ። በዚያው ዓመት ፌስቡክ ከከርነሉ ውጭ ሆኖ ይህን መለኪያ እየተመለከተ የሚፈርድ ፕሮግራም አወጣ፤ በ2020 መጨረሻም የዚህ ዘመድ ሲስተምዲ ከሚባለው የሊኑክስ አስተዳዳሪ ጋር ተጨመረ። ፌዶራ በ2021፥ ኡቡንቱ በ2022 በጠረጴዛ ማሽኖች ላይ ተከሉት።

አዲሱ ፈራጅ ሁለት ዐይነት ሕግ ነበረው። አንደኛው በጫና ይፈርዳል፤ ጫናው ከተወሰነው በላይ ወጥቶ ለተወሰነ ጊዜ ከቆየ ይገድላል፤ ያልተነካው መነሻ 60 ከመቶ ለ30 ሴኮንድ ነው። ሁለተኛው በሙላት ይፈርዳል፤ ሜሞሪውና ስዋፑ ከ90 ከመቶ በላይ ከተያዙ ይገድላል። ሲገድልም አንድ ፕሮሰስ ብቻ ሳይሆን በአንድ ቡድን ውስጥ ያሉትን ሁሉ ነው፤ ብራውዘር አንድ ቡድን ነውና ከነመስኮቶቹ ይሄዳል። በ2022 ከተጠቃሚዎች ብዙ አቤቱታ መጣ፤ ማሽኑ ሳይዘገይ ብራውዘሩ ተገደለ ይሉ ነበር። ጉዳዩ ሲመረመር ሁለት ነገር ተገኘ። ስዋፑ ትንሽ በሆነበት ማሽን 90 ከመቶ በቀላሉ ይሞላል፤ ይህ ጫና መኖሩን አያመለክትም። ሁለተኛው የባሰ ነበር፤ ሜሞሪው ተያዘ ሲባል የሚቆጠረው ባዶ ያልሆነው ሁሉ ነበር እንጂ ሊለቀቅ የማይችለው ብቻ አልነበረም። ከስምንት ዓመት በፊት ከርነሉ ያወጣው ቁጥር አጠገቡ ሳለ ፈራጁ አሮጌውን ያነብ ነበር። ስሕተቱ በዚያው ዓመት ታረመ።

የእኔ ጥያቄ መልስ ያገኘው እዚህ ላይ ነው። በማሽኔ ላይ የነበረው ለብዙ ጊዜ ያላደስሁት አሮጌ ቅጂ ነበር፤ ስዋፑንም ትንሽ አድርጎ የሠራው የቀድሞው ባለቤት ይሁን ወይም እኔ አላስታውስም። መዝገቡን እንደገና ሳነብ የፈረደው ሁለተኛው ሕግ መሆኑን አየሁ። ሜሞሪው አላነሰም ነበር ለማለት እደፍራለሁ፤ ከተያዘው ውስጥ ሊለቀቅ የሚችል የፋይል ቅጂ ነበረበት፥ የሚጠብቅም ፕሮግራም አልነበረም።

ለአነስተኛ ማሽን የተሻለው መንገድ ከፍርድ በፊት ያለው ነው። ሊኑክስ ከ2014 ወዲህ ዜድራም በሚባለው ዘዴ ገጾችን በዚያው በሜሞሪ ውስጥ አጣጥፎ ማስቀመጥ ይችላል፤ ፌዶራ ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ስዋፕ አድርጎ የሚሰጠው ይህን ነው። የታጠፈው ገጽ ከግማሽ ባነሰ ቦታ የሚገባበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ከዲስክ ከመመለስም መዘርጋቱ ይፈጥናል። እንዲሁም በ2016 በጸናው ሁለተኛው የቡድን አስተዳደር ለአንድ ቡድን ሁለት ልዩ ልዩ ወሰን መስጠት ይቻላል፤ አንደኛው ሲያልፈው አይገደልም፥ ነገር ግን እንዲዘገይና ያለውን እንዲለቅ ይገደዳል፤ ሌላው ከዚህ በታች ያለህን ሌላው አይወስድብህም የሚል ዋስትና ነው። ብራውዘሩን በመጀመሪያው አግዶ የመጻፊያውን ፕሮግራም በሁለተኛው መጠበቅ ይቻላል። ማቆየት ከመግደል ይቅደም ያለው የዴኒንግ ሐሳብ በዚህ ወሰን ውስጥ ተመልሶ ይታያል።

እኔም ሲስተሙን አድሼ ዜድራምን ከፈትሁ፤ ለብራውዘሩ የማዘግያ ወሰን ሰጠሁት፤ የጫናውንም ቁጥር በስክሪኑ ጥግ ላይ እንዲታየኝ አደረግሁ። ገጽ ሲበዛ ብራውዘሩ ይጎተታል፤ እኔም ጥቂቱን እዘጋለሁ። የመጠይቁን መልስ ግን እንደገና ከወረቀቱ መሙላት ነበረብኝ፤ ሁለት ሌሊት ፈጀ።